የአባዬ ካሴቶች፦ ከቆርቆሮ ሣጥን ወደ ፍላሽ

ጥቅምት 1፣ ቅዳሜ

ሣጥኑን ዛሬ ከአልጋ ሥር ጎትቼ አወጣሁት። አባዬ በሹፌርነት ዘመናቸው ልብስ ይይዙበት የነበረ የቆርቆሮ ሣጥን ነው። ስከፍተው የናፍጣና የእርጥበት ሽታ አንድ ላይ መጣብኝ። ቆጠርኩ፤ 63 ካሴት። 11ዱ ኦሪጅናል ናቸው፣ የቀሩት የተገለበጡ። ግማሾቹ ላይ ምንም አልተጻፈም። አንዱ ላይ በአባዬ እጅ «ጥሩ» ተብሎ ተጽፏል። በቃ፣ ጥሩ። የማን እንደሆነ አይልም።

አባዬ የአሰብ መንገድ ሹፌር ነበሩ። ተሳቢ እየነዱ ከኮምቦልቻ በባቲ አድርገው፣ ሚሌን አልፈው ወደብ ይገቡ ነበር። ቴፑንም ካሴቱንም ያመጡት ከዚያው ነው። ስለዚህ ማሪቱ ለገሠና ማይክል ጃክሰን አንድ ሣጥን ውስጥ ጎን ለጎን ቢተኙ አይገርምም።

ሐሳቤ ሁሉንም ወደ ላፕቶፕ ገልብጬ በፍላሽ ለእሳቸውና ለወንድሞቼ መስጠት ነው። በዚያውም ስለምሰማው አልበም የሚሰማኝን እዚህ እጽፋለሁ። ሕጌ አንድ ነው፦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳልሰማ አልፈርድም። አልበሞቹ የወጡበትን ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የማስታወሻው ቀን ግን የራሳችን ነው።

ጥቅምት 2

ቴፑ አልሠራም። ሞተሩ ይጮሃል፣ ካሴቱ አይዞርም። ክዳኑን በካቻቢቴ ፈትቼ ሳየው ላስቲኩ እንደ ማስቲካ ቀልጦ ከመዘውሩ ጋር ተጣብቋል። በጥጥና በአልኮል ጠርጌ ለመጨረስ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ጥቁሩ ከጥፍሬ ሥር እስካሁን አልለቀቀም።

ፒያሳ ሁለት ቦታ ላስቲክ ጠየቅሁ። አንዱ ልጅ ቴፑን አገላብጦ አየና «እህቴ፣ ይሄ እኮ ሙዚየም ነው የሚገባው» አለኝ። የደሴ ሙዚየም ሩቅ አይደለም ብዬው ወጣሁ።

ጥቅምት 6

ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። በየቀኑ የሀረጎን ዳገት መውረድና መውጣት ነው። ጠዋት ከደሴ በጉም ውስጥ እንነሳለን፣ ኮምቦልቻ ስንገባ ጃኬት እናወልቃለን።

ዛሬ በምሳ ሰዓት አንድ የድሮ ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ አገኘሁ። ሽማግሌ ናቸው፣ ሱቃቸው ከአንድ በር አይበልጥም። ላስቲኩ ይዞርበት የነበረውን ቦታ በክር ለክቼ ይዤ ሄጄ ነበር። ክሩን አዩት፣ ከአንድ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ሦስት ላስቲክ አወጡ፣ ሁለተኛው ልክ ሆነ።

«ሄዱን ሳትጠርጊ ካሴት እንዳታስገቢ» አሉኝ። ሄድ የሚሉት ካሴቱን የሚያነበውን ብረት ነው።

«እሺ ጋሼ።»

«ደግሞ ፍጥነቱን ሳታይ ምንም አትቅጂ። ላስቲክ ሲቀየር ፍጥነት ይለወጣል። ሰው ይህን አያውቅም፣ ከዚያ ዘፋኙን ይሰድባል።»

ይህችን ነገር ያን ጊዜ እንደ ዋዛ ነው የሰማኋት።

ማታ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ቴዲ አፍሮ ነበር። ይህ ሹፌር «ጥቁር ሰው»ን በ2012 ከወጣ ወዲህ ያወረደው አይመስለኝም። ጆሮዬ ቢጠግበውም አልበሙ ጥሩ ነው፣ አልክድም። እኔ ግን ቴዲን የምወደው በ2001ዱ «አቡጊዳ» ላይ ነው። ድምፁ ገና ልጅ ነው። ትልቅ ነገር የመናገር ሸክም አልተጫነበትም፣ ዝም ብሎ ይዘፍናል። ከኋላዬ የተቀመጠችው ልጅ በዚህ እንደማትስማማ ከአዘፋፈኗ ያስታውቃል።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ሄዱን ጠረግሁ። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ወጣ፤ እሱ ከካሴቶች የተፋቀ ዝገት ነው። የካሴቱን ክር የሚስበውን ጎማም ጠረግሁ። ከሄዱ አጠገብ ስፕሪንግ ያላት ትንሽ ብሎን አለች። ሄዱ ቀጥ ብሎ እንዲቆም የምታደርገው እሷ ናት። ሩብ ዙር ሳዞራት ጸናጽሉ ከመጋረጃ ጀርባ እንደወጣ ያህል ጠራ። ደነገጥኩ። ስንት ዓመት በመጋረጃ ስንሰማ ኖረናል?

ቀጥሎ ፍጥነት። ካሴት በሰኮንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር ነው የሚሄደው። ያንን በማስመሪያ መለካት አይቻልም። ስለዚህ ሌላ ዘዴ ፈጠርኩ። ከኦሪጅናሎቹ አንዱ የቦብ ማርሌይ «ኤክሶደስ» ነው፣ አባዬ ከአሰብ የገዙት። የአልበሙን ስም የያዘው ዘፈን ርዝመቱ 7 ደቂቃ ከ40 ሰኮንድ ገደማ ነው። በእኛ ቴፕ 7 ደቂቃ ከ31 ሆኖ ተገኘ። በመቶኛ ሁለት ያህል ይቸኩላል ማለት ነው። ከሞተሩ ጀርባ በቀጭን ካቻቢቴ የምትዞር ነገር አለች። ትንሽ ነካ፣ መልሶ መስማት፣ ትንሽ ነካ። በአምስተኛው ሙከራ 7 ከ40 ገባ። ጨፈርኩ ማለት ይቻላል።

ስለ አልበሙም ልበል። «ኤክሶደስ» በ1977 ነው የወጣው። ቦብ በ1976 መጨረሻ ጃማይካ ቤቱ ውስጥ በጥይት ተመትቶ ከተረፈ በኋላ፣ ለንደን ሆኖ ያዘጋጀው ነው። አንደኛው ገጽ ከባድ ነው፤ ጥፋት፣ ፍርድ፣ ስደት። ሁለተኛው ገጽ ፍቅርና ጭፈራ። ዓለም የያዘው ሁለተኛውን ነው። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፣ ከሁሉም ደግሞ መክፈቻውን፦ ከሩቅ ቀስ እያለ እየቀረበ ይመጣል። ካሴቱም ይመሰክራል። አንደኛው ገጽ ተልጦ ተልጦ ሳስቷል፣ ሁለተኛው እንደ አዲስ ነው። አባዬም አይገለብጡትም ነበር ማለት ነው።

ጥቅምት 9

ባለ 90 ደቂቃ ካሴት። ሽፋኑ ላይ «ማይክል» ይላል። «ትሪለር» ዘጠኝ ዘፈን ነው፣ ጠቅላላው 42 ደቂቃ፤ በ1982 የወጣ። የካሴቱ አንድ ገጽ ደግሞ 45 ደቂቃ ነው። ስለዚህ የገለበጠው ሰው ሙሉውን አልበም በአንድ ገጽ አስገብቶ፣ የተረፈችው ክፍት ቦታ እንዳትባክን የኤፍሬም ታምሩን አንድ ዘፈን ጀምሮላታል። ግማሽ ላይ ካሴቱ ያልቃል። ጠቅ!

በልጅነቴ «ትሪለር» የሚያልቀው በኤፍሬም ይመስለኝ ነበር። እስከ አሁንም የማይክልን የመጨረሻ ዘፈን ሌላ ቦታ ስሰማ ጆሮዬ ኤፍሬምን ያጀበውን የሮሃ ባንድን መግቢያ ይጠብቃል። ስለዚህ ስለ «ትሪለር» የምሰጠው ፍርድ ንጹሕ አይደለም። ኩዊንሲ ጆንስ ያዘጋጀው ነገር እንከን የለሽ ነው፣ ምናልባት ከሚገባው በላይ እንከን የለሽ። አንድም ቦታ እስትንፋስ አይሰጥም። ሮሃ ውስጥ ግን ያ እስትንፋስ አለ። የሰላም ስዩም ጊታር ከዘፋኙ ጀርባ እየመለሰ፣ እየጠየቀ ይሄዳል። ያን የተቆረጠውን የኤፍሬም ዘፈን መጨረሻ ዛሬ በስልኬ ፈልጌ ሰማሁት። ከሠላሳ ዓመት በኋላ። ምንም የተለየ ነገር የለውም፣ አዝማቹን ይደግምና ያልቃል። ግን ተነፈስኩ።

ጥቅምት 13

መብራት የለም። የሰማሁት በስልክ ነው፤ የጂጂ የ2001 አልበም። ሣጥኑ ውስጥ የለም፣ ግን ሰዓቱን ለመሙላት። ቢል ላስዌል ነው ያዘጋጀው። የጃዝ ሰዎቹ ሄርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋሮው ሳንደርስ የተጫወቱበት ነው። ሲወጣ ተማሪ ነበርኩ፤ «ፈረንጅ አበላሸው» ካሉት ወገን ነበርኩ። ቤዙ ከበደኝ። ዛሬ በጨለማ ስሰማው ያፈርኩበት ነገር ነው። ከአገራችን አልበሞች መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ያላቸው ጥቂት ናቸው፣ ይሄ ከእነሱ አንዱ ነው። ብዙዎቹ አልበሞቻችን አሥር ዘፈን በአንድ ከረጢት ናቸው። ከባትሪው 9 በመቶ ሲቀረኝ አጠፋሁት።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ዛሬ አራት ካሴት አለቀ። ጉሙ እስከ አምስት ሰዓት አልተገለጠም፣ የጦሳ ተራራ አይታይም፣ ከቤት የሚያስወጣ ነገር የለም። ለመቅዳት እንዲህ ያለ ቀን ነው።

የማህሙድ አህመድ «እሬ መላ መላ»፦ በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የተሠራ። በ1986 ቤልጅየም ውስጥ ክራምድ ዲስክስ እንደገና አወጣውና አውሮፓ ስለእኛ ሙዚቃ መጠየቅ ጀመረ። ስለዚህ አልበም ብዙ ተብሏል፣ እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ማህሙድ ድምፁን ሲያንቀጠቅጥ ብዙ ሰው ጉሮሮውን ነው የሚያደንቀው። እስቲ ከጀርባው ያለውን ቤዝ ስሙት። እሱ ካልተረጋጋ ማህሙድ እንዲያ መንቀጥቀጥ አይችልም። አንዱ መሬት ሆኖለት ነው ሌላው የሚበረው።

የዋሊያስ ባንድ «ቸበለው»፣ 1977። ሙላቱ አስታጥቄም አለበት። የኃይሉ መርጊያን ኦርጋን እወዳለሁ። ግን አልበሙን ቤት ውስጥ አንድ ሰው ሲከፍተው ሰምቼ አላውቅም። የሙላቱን የ1972ቱን የኒውዮርክ አልበምም እንዲሁ። አከብረዋለሁ፣ ጎበዝ ነው፣ ግን ቅዝቃዜ አለው። ሱፍ ለብሶ ሰርግ የመጣ እንግዳ ይመስለኛል፤ ጥግ ይዞ ይቀመጣል፣ አይጨፍርም።

እዚህ ላይ ትንሽ ቅሬታ አለኝ። የውጭ ሰው ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ ሲያወራ ሁሌ ከ1969 እስከ 1975 ያለችውን ጠባብ ዘመን ነው የሚያነሳው። አምሃ እሸቴ ሸክላ ማሳተም የጀመረበት፣ ከዚያም አገር ጥሎ የወጣበት ዘመን ነው። አምሃ ባይኖር ያ ሁሉ ሙዚቃ አይተርፍም ነበር፣ ውለታው ትልቅ ነው። ግን የዚያ ዘመን ሸክላ በአብዛኛው ባለ 45 ዙር ነው፤ አንድ ዘፈን በዚህ፣ አንድ ዘፈን በዚያ። አልበም የሚባለው ነገር ወደ ተራው ሰው ቤት የገባው በካሴት ነው፣ በሰማንያዎቹ፣ በሰዓት እላፊ ጊዜ። ሮሃ ባንድ፣ ኤፍሬም፣ ነዋይ ደበበ፣ አስቴር። ኪቦርዱ ርካሽ ነው ይላሉ፣ ድምፁ ፕላስቲክ ነው ይላሉ። ይሁን! እኛን ያሳደገን ፕላስቲኩ ነው።

ጥቅምት 22

ቴፑ ካሴት በላ። የአስቴር አወቀ «ካቡ» ነው፣ የ1991ዱ፣ ኦሪጅናሉ። ጎርነን ያለ ድምፅ ሰማሁ፣ ሮጥኩ፣ ደረስኩ፤ አንድ ክንድ የሚያህል ክር ጎማው ላይ ተጠቅልሏል። እጄ እየተንቀጠቀጠ ፈታሁት። አልተበጠሰም፣ ግን እንደ ሽሩባ ተሸብሽቧል። በቢክ እስክርቢቶ ቀስ እያልኩ መልሼ አጠነጠንኩት። የተሸበሸበው ቦታ ላይ አስቴር አሁን ለአራት ሰኮንድ ያህል ውኃ ውስጥ ገብታ ትወጣለች። እንደዚያው ቀዳሁት።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ካሴቱ ሻጋታ ነበረበት፣ ዳር ዳሩ ነጭ ነጭ ብሎ እያየሁ አስገባሁት። ደሴ ላይ አልጋ ሥር ሠላሳ ዓመት የተቀመጠ ነገር ደግሞ እንዴት አይሻግት? ከዛሬ ጀምሮ ሕግ ቁጥር ሁለት፦ ካሴቱ መጀመሪያ በእጅ ሙሉ በሙሉ ይጠነጠናል፣ ይራገፋል፣ ከዚያ ነው የሚገባው።

የሁለት ካሴቶችም ቀዶ ጥገና ተደረገ። ክሩን ሄዱ ላይ ደገፍ የምታደርገው ትንሽዬ ስፖንጅ ማስቲሿ ደርቆ ወድቃ ነበር። አምስት ብሎን ካለው ከአንድ ባዶ ካሴት ነቅዬ ተከልኩላቸው። ብሎን የሌላቸውና በሙጫ የተጣበቁትን ግን ፈራሁ። ለኮምቦልቻው ጋሼ ይቆዩ።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ማሪቱን እስከ ዛሬ ያቆየኋት ፈርቼ ነው። እቤታችን ከዚህች ካሴት በላይ የተሰማ ነገር የለም። የተገለበጠች ናት፤ አባዬ እዚሁ ደሴ አንድ ካሴት ቤት ነው ያስገለበጧት።

ማሪቱ የወሎ ልጅ ናት፣ በደርግ ጊዜ በወሎ ላሊበላ ኪነት ውስጥ የዘፈነች። ከአራቱ ቅኝቶቻችን ሁለቱ የሠፈራችንን ስም የያዙ ናቸው፦ ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ፣ አምባሰል ከደሴ ወደ ሰሜን። ማሪቱ አምባሰልን ስትዘፍን ስለ ተራራው ትዝፈን ስለ ዜማው አይለይም። ድምጿ ቀጭን ነው፣ እንደ መርፌ ይገባል። እኔ እስከ ዛሬ የማሪቱ ተፈጥሮ ነው ብዬ ነበር የማምነው።

ቀዳሁት። ከዚያ ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ያለችውን ባዶ ሦስት ሰኮንድ ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ፕሮግራም ላይ መርጬ የድምፁን ስፔክትረም፣ ማለትም የትኛው ሞገድ ምን ያህል እንደሚጎላ የሚያሳየውን ሥዕል፣ ከፈትኩ። ዓላማዬ ሽሽታውን መቀነስ ነበር። ታች በኩል ሁለት ጉብታ አየሁ። አንዱ 50 ኸርዝ ላይ፣ ሌላው 52 ላይ።

50ው ይገባኛል። የመብራታችን ሞገድ በሰኮንድ 50 ነው። ማንኛውም ግድግዳ ላይ የተሰካ ቴፕ ትንሽ ያንን «እምምም» ይጨምራል። 52ቱስ? የላፕቶፑን ቻርጀር ነቀልኩና እንደገና ቀዳሁ። የ50ው ጉብታ ሟሸሸ። የ52ቱ ንቅንቅ አላለም።

ተቀምጬ አሰብኩ። ንቅንቅ ካላለ ካሴቱ ላይ የተጻፈ ነው ማለት ነው። ያኔ፣ ያ ካሴት ቤት ሲገለብጥ፣ የእሱም ቴፕ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ ነበር፣ የእሱም «እምምም» አብሮ ገባ። ሲገባ 50 ነበር። አሁን 52 ሆኖ ከወጣ፣ የገለበጠው ቴፕ ቀርፋፋ ነበር ማለት ነው። ቀርፋፋ ቴፕ ላይ የተቀዳ፣ ትክክለኛ ቴፕ ላይ ሲጫወት ይቸኩላል። በመቶኛ አራት። በሙዚቃ ቋንቋ የግማሽ ድምፅ ሁለት ሦስተኛ ያህል ወደ ላይ።

ይሄ የሚሠራው መብራቱ ከዋናው መስመር ሲመጣ ነው። በጄኔሬተር ገልብጦት ከሆነ ሞገዱ ስለሚዋልል አይታመንም። ስለዚህ ገና አላመንኩም። ቢሆንም ሞከርኩት። ፍጥነቱን 3.85 በመቶ ቀነስኩ። ተጫወተ።

ሌላ ሴት ናት። ጎልማሳ። ድምጿ ደረት አለው። ማሲንቆው ወፍሯል፣ አካል አግኝቷል። መርፌዋ ጠፋች። ሦስት ጊዜ ሰማኋት፣ ደስ ይበለኝ ይክፋኝ ሳላውቅ ላፕቶፑን ዘጋሁት።

ኅዳር 7

እንቅልፍ ሳይወስደኝ ያሰብኩት፦ ቅኝቱ ግን አልተበላሸም ነበር። ቴፕ ሲፈጥን ሁሉም ድምፅ በእኩል ሚዛን ከፍ ይላል፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት አይነካም። አምባሰል ከመነሻው ድምፅ ግማሽ እርምጃ ብቻ ፈቀቅ ይልና ከዚያ ትልቅ ዝላይ ይዘላል፤ ላይኛው ላይም እንደዚያው ይደግመዋል። ያ ጠባብና ሰፊ እርምጃ ነው ሆድ የሚያላውሰው። ፈጠነም ዘገየም አምባሰል አምባሰል ነው። የተበላሸው የማሪቱ ዕድሜ ብቻ ነው። በሃያ ዓመት አሳንሰናት ኖርን።

የማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦቭ ብሉ» ትዝ አለኝ። የ1959 አልበም ነው፣ በጃዝ ዓለም ከሱ በላይ የተወደሰ የለም። የመጀመሪያው ገጽ ሦስቱም ዜማዎች የተቀዱበት ማሽን ትንሽ ቀርፋፋ ስለነበር፣ ሸክላው ላይ ከእውነተኛው ድምፅ ከፍ ብለው ወጡ። የተስተካከለው በ1992 ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ስንቱ ተማሪ መለከቱን ይዞ ከሸክላው ጋር ልጫወት ሲል «ምነው አልገጥም አለኝ» ብሎ ራሱን ሲወቅስ ኖሮ ይሆን? ታዲያ ኮሎምቢያን የሚያህል የሸክላ ኩባንያ ይህን ካደረገ፣ የደሴው ካሴት ቤት ምን ፈረደበት።

ስለ አልበሙ ሐሳቤ፦ ብዙ ስለተወደሰ ለረጅም ጊዜ አኩርፌው ነበር። የደሴ ጉም ነው ያስታረቀን። ጠዋት ሀረጎ ላይ፣ መስኮቱ ነጭ ሆኖ፣ በጆሮ ማዳመጫ። ማንም አይቸኩልበትም። ሹፌራችን ግን ያን ሰዓት ይቸኩላል።

ኅዳር 11

የኮምቦልቻው ጋሼ ኦሪጅናሏ አለቻቸው! ስለ 50ና 52 ስነግራቸው ሳቁ። «ነግሬሽ አልነበር?» አሉ፤ ነግረውኛል። ካሴቷን ከመደርደሪያ አውርደው በሻሽ ጠቅልለው ሰጡኝ። «እስከ ሰኞ» አሉ፣ ጣታቸውን አንስተው።

ማታ ለካሁ። የእኛዋ ላይ አንዱ ዘፈን 4 ደቂቃ ከ48 ሰኮንድ ነው። አስተካክዬው 4 ደቂቃ ከ59 ሆኗል። ኦሪጅናሏ ላይ 5 ደቂቃ ከ1 ሰኮንድ። የሁለት ሰኮንድ ልዩነት! ሒሳቡ ሠርቷል። ወጥ ቤት ሄጄ ለራሴ ቡና አፈላሁ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

አባዬን አስቀምጬ የተስተካከለችውን አሰማኋቸው። ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ትንሽ ቆዩ።

«ማን ናት ይቺ?»

«ማሪቱ ናት፣ አባዬ።»

«ማሪቱ? ታማ ነው?»

ፍጥነቱን፣ ቴፑን፣ 52ቱን ሁሉ አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ የድሮዋን ክፈቺ አሉ። ከፈትኩ። ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር በራ፣ እግራቸው ተነሳ።

«ሀረጎን በሌሊት፣ ሠላሳ ቶን ጭኜ የወጣሁት ከዚችኛዋ ጋር ነው። ያቺኛዋ ታስተኛኝ ነበር፣ ገደል ነበር የምትከተኝ።»

«ትክክለኛዋ ግን ያቺኛዋ ናት።»

«ትሁን። መኪናው ውስጥ አልነበረችም።»

ለዚህ መልስ አላገኘሁም። ትንሽ ቆይተው ግን ራሳቸው የተስተካከለችውን ድጋሚ ጠየቁ። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙ። «ማሲንቆው ገና አሁን ተሰማኝ» አሉ፤ ሌላ ምንም አላሉም፣ ለስግደት ተነሱ።

ሁለቱንም አስቀምጣለሁ። አንዱ ፋይል «ማሪቱ»፣ ሌላው «ማሪቱ የሀረጎ» ተብሏል።

ኅዳር 20

ቶሎ ቶሎ ሄደ፤ ስድስት ካሴት። ሁለቱ መንዙማ ናቸው፣ የሼህ መሐመድ አወል ሐምዛ። አንዱ ላይ ሰው ካሴቱ ማለቂያ ላይ የፋሲካ መዝሙር ቀድቶበታል፤ እናቴ ሳትሆን አትቀርም። ወሎ ውስጥ ይህ ምንም አያስገርምም፣ ፋይሉንም አልቆረጥኩትም። መንዙማን እንደ አልበም መፍረድ ከባድ ነው፤ አንዱ ጥሪ እየረዘመ፣ ተቀባዩ እየሞቀ፣ ድቤው እየጠነከረ ይሄዳል እንጂ ዘፈን ቁጥር አንድ፣ ቁጥር ሁለት አይባልም። ሽሽታውን ለመቀነስ ስሞክር ጭብጨባውም አብሮ ደበዘዘ። ተውኩት። ከነሽሽታው ይሁን።

አንድ የተገለበጠ የክራር ካሴትም ነበር፤ ግማሹ ተደምስሶ ራዲዮ ዜና ተቀድቶበታል። ስለ ዜናው አስተያየት የለኝም።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ

«ጥሩ» የተባለችው ካሴት። ለዛሬ ሆን ብዬ አቆይቻት ነበር።

ከበሮው የማሽን ነው፤ ቲክ፣ ታክ፣ ደረቅ። ከዚያ አኮርዲዮን ገባ። ሁለት ደቂቃ ሳልሰማ አወቅሁት፦ የኃይሉ መርጊያ «ሸሞንሟናዬ»፣ 1985። ዘፋኝ ስለሌለው አባዬ ማንን ብለው ይጻፉ? ጥሩ ብለው ጻፉ።

ኃይሉ ከዋሊያስ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ከቀረ በኋላ፣ አንድ ስቱዲዮ ገብቶ ብቻውን የሠራው ነው። አኮርዲዮን የልጅነቱ መሣሪያ ነበር። ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን ጨመረበት። ከዚያ ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ ኖረ። አንድ አሜሪካዊ ካሴቱን ባህር ዳር አግኝቶ፣ ፈልጎት፣ በ2013 እንደገና አሳተመው፤ ሰውየውም ወደ መድረክ ተመለሰ።

ይህን አልበም ከ«ቸበለው» አስበልጣለሁ። እዚያ ባንዱ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ለእንግዳ ነው የሚጫወተው። እዚህ አንድ ሰው ክፍል ውስጥ ለራሱ ነው የሚጫወተው። ማሽኑ አይሰማውም፣ አኮርዲዮኑ ይተነፍሳል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ብቻ ናቸው እንዲህ ለብቻ ሆነው ሰው የሚያስመጡ፣ እሳቸውም በፒያኖ። ደግሞ የሰማንያዎቹ ፕላስቲክ ድምፅ ነው፣ ያ ሁሉ የሚናቀው።

50ውን አየሁ፤ በ50 ላይ አንድ ጉብታ ብቻ ናት፣ ሌላ የለም። ትክክለኛ ፍጥነት ነው ወይም ምንም መረጃ አልቀረም። ለማንኛውም አልነካሁትም።

አባዬ ከበረንዳ ሆነው «ማን ነበር ስሙ?» ብለው ጠየቁ። ነገርኳቸው። ካርዱን አምጪ አሉና፣ ከ«ጥሩ» ሥር «ኃይሉ» ብለው ጨመሩበት። እሱም ሹፌር ሆኖ ነበር ስላቸው ቀና አሉ።

«የምን መኪና?»

«ታክሲ።»

«አይ፣ ታክሲ» አሉ፣ ካርዱን መልሰው ሰጡኝ።

እስካሁን 41 ካሴት አልቋል። 19 ይቀራል። ሦስቱ በሙጫ የተዘጉት ኮምቦልቻ ናቸው። ጎማው ዛሬ መጮህ ጀምሯል፤ ትንሽ ሲሞቅ ክሩን ያንሸራትተዋል፣ ድምፁም ይንሳፈፋል። አልኮል አልረዳውም። ሰኞ ላስቲክ ወደገዛሁበት ሱቅ ይዤው እወርዳለሁ።